«ሌላስ ምን ትውጫለሽ?» የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት አጠቃቀምና የጎንዮሽ ጉዳቶቹ

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ አንዲት ፍሬ ክኒን ነው። «እኛ ጤነኞች ነን፤ ስለ ክኒን ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። በየትምህርት ቤቱ ይህችን ፍሬ ማንም ሳያውቅበት በየቀኑ የሚውጥ ተማሪ ይኖራል። ምናልባት አጠገባችሁ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ምናልባትም ይህን የምታነቡት እናንተው ናችሁ።

በቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፤ አሁን በአንድ ጤና ጣቢያ የኤ.አር.ቲ ክፍል ውስጥ ማኅበራዊ ሠራተኛ (ሶሻል ወርከር) ሆኜ አገለግላለሁ። ነጭ ጋዋን ስለምለብስ ልጆቹ ሁሉ «ሲስተር» ይሉኛል፤ «ሲስተር አይደለሁም» እያልኩ ማረም ከተውኩ ቆየሁ። መድኃኒት የሚያዙት ሌሎች ናቸው። የእኔ ሥራ መድኃኒቱ የሚዋጥበትን ቤት ማወቅ ነው፦ ታካሚው ከማን ጋር ይኖራል? ብልቃጡን የት ያስቀምጣል? ማን ያስታውሰዋል? ከማንስ ይደብቃል?

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ትከታተል ነበር። ስሟን አልነግራችሁም። ቫይረሱ የተላለፈባት ስትወለድ ነው። እናቷ በሕይወት የለችም፤ የምታሳድጋት አያቷ ናት። አንድ ቀን የደም ምርመራዋ ውጤት መጣ። የቫይረሱ መጠን ከ1,000 በላይ ሆኗል። መድኃኒቱን በትክክል በሚወስድ ሰው ላይ ይህ የሚጠበቅ አይደለም። አስጠርቼ አነጋገርኳት።

«መድኃኒቱን እየዋጥሽ ነው?»

«አዎ ሲስተር፤ አንድም ቀን አላለፈኝም።»

ይህን መልስ ከብዙ ልጆች ሰምቼዋለሁ። ብልቃጡን ደብቀው፣ ፍሬውን ጥለው «ውጫለሁ» የሚሉ አጋጥመውኛል። ስለዚህ «እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም» አልኳት፤ ድምፄ ግን የቁጣ ነበር። አንገቷን ደፍታ አለቀሰችና ወጣች። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ቀረች። የዚህችን ልጅ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን መድኃኒቱን እንወቀው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ምንስ ይሠራል?

ዛሬ በአገራችን ሕክምና የሚጀምሩ አብዛኞቹ ወጣቶችና አዋቂዎች የሚሰጣቸው፣ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ፍሬ የተጠቃለሉበት ክኒን ነው። ባለሙያዎች በአጭሩ «ቲ.ኤል.ዲ» ይሉታል። በውስጡ 300 ሚሊ ግራም ቴኖፎቪር፣ 300 ሚሊ ግራም ላሚቩዲን እና 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር አለ። የሚወሰደው በቀን አንዴ፣ አንድ ፍሬ ብቻ ነው።

ኤች አይ ቪ ብቻውን መራባት አይችልም። ሲዲ 4 ወደሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ይገባል፤ የራሱን የዘር መልእክት ሕዋሱ በሚረዳው ዓይነት ይገለብጣል፤ ከዚያም የገለበጠውን በሕዋሱ ዘረ መል ውስጥ ይሰካዋል። ሕዋሱም ሳያውቀው የቫይረስ ፋብሪካ ሆኖ ያርፋል። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ግልበጣውን ያሰናክላሉ። ዶሉቴግራቪር ደግሞ መሰካቱን ይከለክላል። በሁለት በኩል መንገድ ተዘጋበት ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አይድንም?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀድሞ ተሰክቶ በሕዋሶች ውስጥ የተኛ ቫይረስ አለ፤ መድኃኒቱ ይህን አያገኘውም። ክኒኑ ሲቋረጥ የተኛው ይነቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ይመለሳል። መድኃኒቱ በየዕለቱና ዕድሜ ልክ የሚወሰደው ለዚህ ነው። አንድ ቀን እየዋጡ ሌላ ቀን መተው ደግሞ የባሰ አደጋ አለው። በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ቫይረሱን ለመግታት የማይበቃ ትንሽ ሲሆን፣ ቫይረሱ ባሕርዩን እየለወጠ መድኃኒቱን ይላመደዋል። ያኔ ያው ክኒን ቢዋጥም ላይሠራ ይችላል።

በትክክል ሲወሰድ ግን ውጤቱ ትልቅ ነው። የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፤ የበሽታ መከላከል አቅም ያገግማል፤ ሰውየው ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበትና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህ በትልልቅ ጥናቶች የተረጋገጠ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የተቀበለው እውነት ነው።

«ፊት ያበላሻል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

በየሰፈሩ «ያ መድኃኒት ጉንጭ ያጎደጉዳል፣ እግር ያቃጥላል» ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ወሬው ጨርሶ ውሸት ነው አልላችሁም። ያረጀ እውነት ነው።

የመጀመሪያው የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ዚዶቩዲን ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። መድኃኒቶችን አጣምሮ የመስጠቱ ሕክምና ብዙ ሕይወት ማትረፍ የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ነው። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ በሰፊው ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን የሚባለው መድኃኒት የብዙዎችን ሕይወት አድኗል፤ ነገር ግን በረጅም ጊዜ የጉንጭንና የእጅ እግርን ስብ ያሟጥጥ፣ እግርንም ያቃጥልና ያደነዝዝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 አገሮች ስታቩዲንን ቀስ በቀስ እንዲያስቀሩ መከረ። በኋላ በሰፊው የተሠራበት ኢፋቪሬንዝ ደግሞ ራስ ያዞራል፣ ቅዠት ያመጣል፤ «ስትተኙ ዋጡት» ይባል የነበረውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ዶሉቴግራቪር ያለበትን ሕክምና ተመራጭ የመጀመሪያ ሕክምና አድርጎ አጸደቀ።

እንግዲህ አክስታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ያየችው ጉዳት በሌላ መድኃኒት የደረሰ ሊሆን ይችላል። የድሮውን ወሬ ሰምቶ የዛሬውን ክኒን መተው ተገቢ አይደለም።

የጎንዮሽ ጉዳቶቹን እንወቅ

የጎንዮሽ ጉዳት የምንለው መድኃኒቱ ከተሰጠበት ዓላማ ውጪ በሰውነት ላይ የሚያስከትለውን ያልተፈለገ ነገር ነው። የሌለው መድኃኒት የለም። ደግሞም በሁሉም ሰው ላይ አይታይም። የቲ.ኤል.ዲን በሦስት ከፍለን እንያቸው።

1. ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታይተው የሚያልፉ፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የተረበሸ ሕልም። የሚያቅለሸልሸው ሰው ከምግብ ጋር ቢውጠው ይቀለዋል። እንቅልፍ የነሳው ደግሞ ከባለሙያው ጋር ተነጋግሮ የመዋጫ ሰዓቱን ከማታ ወደ ጠዋት ማዞር ይችላል። ማታ ጫት ቅሞ «መድኃኒቱ እንቅልፍ ነሳኝ» ማለት ግን፣ ወጣቶች፣ አያስኬድም!

2. ተከታትሎ መናገር የሚያስፈልጋቸው፦ የክብደት መጨመር፣ የሚቆይ ድብርት፣ የኩላሊት ችግር። ዶሉቴግራቪር በአንዳንድ ሰዎች ላይ ክብደት ይጨምራል። ቴኖፎቪር በጥቂት ሰዎች ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ የአጥንትንም ጥንካሬ ሊቀንስ ይችላል። ሐኪሞች «ደምሽን እንይ፣ ሽንትህን እንይ» የሚሉት ለዚህ ነውና ቀጠሮ አታሳልፉ።

3. አንድ ቀን እንኳ የማይጠብቁ፦ ከትኩሳት ጋር የሚመጣ የቆዳ ሽፍታ፣ የፊት ወይም የአፍ እብጠት፣ የመተንፈስ ችግር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የማያቋርጥ ማስታወክ ወይም ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ። እነዚህ አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰቱ ናቸው። ከታዩ ግን የሚቀጥለው መዋጫ ሰዓት ሳይደርስ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሌሊትም ቢሆን፣ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በሥራዬ እንዳየሁት ልጆችን ከመድኃኒቱ የሚያስወጣቸው አብዛኛውን ጊዜ የጎንዮሽ ጉዳቱ ክብደት አይደለም፤ ዝም ማለታቸው ነው። ያቅለሸልሸዋል፣ አይናገርም። እንቅልፍ ያጣል፣ አይናገርም። ለማን ይናገር? ለጓደኛው ቢናገር ምስጢሩ ይወጣል። ለእኛ ቢናገር የምንቆጣው ይመስለዋል። ከዚያ በገዛ ራሱ መፍትሔ ይፈልጋል፤ ወይ ያቆማል፣ ወይ ሌላ ነገር ይጨምርበታል።

ልጅቷስ ምን ሆና ነው?

ቀጠሮዋን ባሳለፈች በሳምንቱ ለአያቷ ደወልኩ። እማማም ልጅቱን ይዘው መጡ። በዚያን ቀን ፋርማሲስቱ አብሮን ነበር። እንደ እኔ «ውጠሻል ወይስ አልዋጥሽም?» ብሎ አልጀመረም።

«መድኃኒትሽን ስንት ሰዓት ነው የምትወስጂው?» አላት።

«ጠዋት 1 ሰዓት።»

«ጎበዝ። ሌላስ ምን ትውጫለሽ?»

«ምንም።»

ይሄን ጊዜ አያቷ ጣልቃ ገቡ። «ኧረ ልጄ፣ የእኔን የጨጓራ መድኃኒት እንጂ ሌላ ምን ትውጣለች! ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይለኛል፣ ያቅለሸልሸኛል ስትል አንድ ማንኪያ እሰጣታለሁ። ያችን ክኒን ስትውጥ አብሬ ነው የማቀምሳት። ምን አለበት?»

ፋርማሲስቱ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልጅቷ አልዋሸችም። አንድም ቀን አላለፋትም። መድኃኒቱ ግን ሆዷ ውስጥ ታስሮ እየቀረ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። የጨጓራ አሲድ ለማብረድ ከሚሸጡት ሽሮፖችና የሚታኘኩ ክኒኖች ብዙዎቹ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም አለባቸው። እነዚህ ማዕድናት አንጀት ውስጥ ዶሉቴግራቪርን አጣብቀው ስለሚይዙት ወደ ደም አይገባም። አብረው ከተዋጡ ወደ ደም የሚገባው ዶሉቴግራቪር ወደ ሩብ ገደማ ሊወርድ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማራራቅ። ቲ.ኤል.ዲ የጨጓራው መድኃኒት ከመወሰዱ 2 ሰዓት በፊት፣ ወይም ከተወሰደ 6 ሰዓት በኋላ መዋጥ አለበት። ለምሳሌ ክኒኑን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የዋጠ ሰው የጨጓራውን ከ3 ሰዓት ጀምሮ መውሰድ ይችላል። የጨጓራውን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከወሰደ ግን ክኒኑን ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት አይውጥም።

አብረው ሲወሰዱ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሌሎችም አሉ፦

• የአይረን (ለደም ማነስ የሚሰጥ) እና የካልሲየም ክኒን። ባዶ ሆድ ከሆነ እንደ ጨጓራው መድኃኒት በ2 እና በ6 ሰዓት ይራራቅ፤ ከምግብ ጋር ከሆነ ግን አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል።

• ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት። ዶሉቴግራቪርን ከደም ቶሎ ስለሚያስወጣው፣ ሐኪሙ ከ12 ሰዓት በኋላ የሚዋጥ ተጨማሪ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር ያዛል።

• ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል፤ ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን። እነዚህን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳያልፍ።

• እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች። ያለ ሐኪም ምክር በብዛትና በተደጋጋሚ ከቴኖፎቪር ጋር ሲወሰዱ ኩላሊትን ያስቸግራሉ።

• ባሕላዊ መድኃኒትና ከገበያ የተገዛ ቅጠል። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት «አይጋጭም» ማለት አይደለም። ጸበል የሚጠጣ ሰው ጸበሉን ይጠጣ፤ ክኒኑን ግን አይተው።

ሰዓት፣ የተረሳ ፍሬና ጾም

ቲ.ኤል.ዲ በባዶ ሆድም፣ ከምግብ ጋርም ይዋጣል። ዋናው ነገር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። ሰዓቱን ከለመዳችሁት ነገር ጋር አያይዙት፤ ጥርስ ስትቦርሹ፣ የማታው ዜና ሲጀምር፣ ስልካችሁ ሲጮህ።

ብትረሱስ? በዕለቱ ባስታወሳችሁበት ጊዜ ዋጡ። የሚቀጥለው መዋጫ ሊደርስ የቀረው ጊዜ ከአራት ሰዓት በታች ከሆነ ግን ያለፈውን ተዉትና በሰዓቱ ቀጥሉ። «ላካክስ» ብሎ ሁለት ፍሬ በአንዴ መዋጥ ክልክል ነው። ደጋግማችሁ የምትረሱ ከሆነ ለአማካሪያችሁ ንገሩ፤ መርሳት ወንጀል አይደለም።

በጾም ወቅት ደግሞ ብዙዎች ይጨነቃሉ። ክኒኑ ምግብ አይፈልግምና ጾም ሰበብ አይሆንም። ረመዳንን የሚጾም ወጣት በማፍጠሪያ ወይም በሱሁር ሰዓት፣ ሁዳዴን የሚጾምም ማታ ሊወስደው ይችላል። ሰዓቱን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ክሊኒካችሁን አማክሩ።

ብልቃጡ የት ይቀመጥ?

ብልቃጡ ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል። ይህ ድምፅ ስንቱን ልጅ እንደሚያሳቅቅ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ፍሬውን አውጥቶ በወረቀት የሚጠቀልል፣ በስስ ፌስታል የሚቋጥር አለ። መድኃኒቱ ግን እርጥበትና ሙቀት ይጎዳዋል። ብልቃጡ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት ለመምጠጥ የተቀመጠች ናትና አትጣሏት። ክዳኑን ግጠሙ፤ ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት፤ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ይሁን። ጉዞ ካለባችሁ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ፍሬ በምን እንደምትይዙ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

መድኃኒት ማጋራትም አይገባም። ያጋራ ሰው የራሱ ይጎድልበታል፤ የተቀበለውም ሳይመረመር፣ ኩላሊቱ ሳይታይ ይወስዳል። በተለይ የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ያለበት ሰው ቴኖፎቪርንና ላሚቩዲንን ጀምሮ ድንገት ቢያቆም ጉበቱ ክፉኛ ሊታመም ይችላል።

«እኔን ምን አገባኝ?» ለምትሉ

ቫይረሱ በደማችሁ የሌለ ወጣቶች ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ አስገድዶ መድፈር የደረሰበት ወይም በደም በተነከረ ስለት የተወጋ ሰው ቫይረሱ እንዳይዘው የሚሰጥ መከላከያ አለ። በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የሚገኘው ከጤና ተቋም እንጂ ከጓደኛ ብልቃጥ አይደለም። ቀኑ ካለፈ ስለማይሠራ «ነገ እሄዳለሁ» አይባልም።

ሁለተኛ፣ የክፍል ጓደኛችሁ ክኒን ሲውጥ ብታዩ «የምንድን ነው?» ብላችሁ አታፋጡት። ቦርሳውን አትበርብሩ። እናንተ እንደ ቀልድ የጣላችሁት አንድ ቃል ያንን ልጅ ለወራት መድኃኒት ሊያስተወው ይችላል።

ከዚያስ?

ልጅቷ ማቅለሽለሹን ለእኛ ተናግራ አታውቅም ነበር፤ እኛም ጠይቀናት አናውቅም። ክኒኑን ከቁርስ ጋር እንድትወስድ፣ የጨጓራው መድኃኒትም ለአያቷ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። እማማ «እኔው ነኝ ያጠፋሁት» ብለው ሲያለቅሱ ፋርማሲስቱ «እማማ፣ እርስዎ ባይናገሩ ኖሮ አናውቅም ነበር» አላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ደሟ ዳግም ተመረመረ። ቫይረሱ በምርመራ አልታየም።

ያን ቀን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ዋሽተሻል ብዬ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ሲስተር፣ ሆዴን ያመኛል ብል መድኃኒቱ ሊቀየርብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነው እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ልጅ ሳነጋግር «ውጠሃል?» ከማለቴ በፊት «እንዴት እየሆንክ ነው? ሌላስ ምን ትወስዳለህ?» እላለሁ። እናንተም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ያመማችሁን፣ የጨመራችሁትን፣ የረሳችሁትን። የምትናገሩት ሁሉ መፍትሔ ሊፈለግለት ይችላል።

ራሳችሁን ፈትኑ (እውነት ወይም ሐሰት በሉ)

1. የጎንዮሽ ጉዳት የታየበት ሰው ሻል እስኪለው መድኃኒቱን በራሱ ያቁም።
2. የጨጓራ ሽሮፕ ከቲ.ኤል.ዲ ጋር አንድ ላይ ቢወሰድ ችግር የለውም።
3. ትላንት የረሳ ሰው ዛሬ ሁለት ፍሬ ይዋጥ።
4. ቲ.ኤል.ዲ በባዶ ሆድ ሊዋጥ ይችላል።
5. ከትኩሳት ጋር ሽፍታ የወጣበት ሰው የቀጠሮውን ቀን ይጠብቅ።

መልስ፦ 1. ሐሰት፤ ለባለሙያ ይናገር። 2. ሐሰት። 3. ሐሰት። 4. እውነት። 5. ሐሰት፤ ወዲያውኑ ይሂድ።

አምስቱንም ያገኛችሁ ጎበዞች ናችሁ። የተሳሳታችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ አንብቡ፤ ለጓደኛችሁም አካፍሉ።